መስታወቱ ላይ የማይጻፈው ዋጋ

በአንድ የብርድ ጠዋት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የተሳፈርኩበት የኡበር ሹፌር ስለዘገየ ይቅርታ ጠየቀኝ። መኪናውን ከቤት ሳይወጣ በሪሞት ቁልፉ አስነስቶ ያሞቃት ነበር፤ የነፃ ሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ግን አገልግሎቱ ተቋረጠበት። «ወንድሜ፣ መኪናዋን ገዛሁ፣ ቁልፏን ግን ተከራይቻለሁ» አለኝ። ሲገዛ ስለ ወርሃዊ ክፍያ ያነሳለት የለም። «ፉል ኦፕሽን ናት ብለው ነው የሸጡልኝ። አሁን ማሞቅ ካማረህ ካርድህን አስገባ ትለኛለች።»

በአሜሪካ የመኪና ዋጋ ድብብቆሽ የቆየ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሻጮች ዋጋውን እንዳሻቸው ይቆልሉና ከቁልሉ ላይ ቀንሰው «ቅናሽ» ይሉት ነበር። የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ አቅርበውት በ1958 የጸደቀው ሕግ ይህን ለመግታት የመጣ ነው። አዲስ መኪና መስታወቱ ላይ መነሻ ዋጋው፣ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ ዋጋ፣ የማጓጓዣው ሒሳብና ድምሩ ተለጥፎ ይቀርባል። ገዢው ሳይረከብ ወረቀቱን የላጠ ይቀጣል። ዛሬም ወረቀቱ የሚጠራው በሴናተሩ ስም ነው።

ሕጉ ዋጋ አስጽፉ የሚለው ግን መኪናው ሻጩ ዘንድ ሲደርስ በአካል ለተገጠመ ዕቃ ነው። ዛሬ ዕቃው ተገጥሞ ይመጣል፤ የሚሸጠው መክፈቻው ነው። ቢኤምደብሊው በ2022 እንግሊዝ ውስጥ የወንበር ማሞቂያን በወር 15 ፓውንድ አቅርቦ፣ ቁጣው ሲበረታ በማግስቱ ዓመት ተወው። መርሴዲስም በ2022 ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ ተጨማሪ ጉልበት በዓመት 1,200 ዶላር ጠየቀ። ቴስላ በ2022 15,000 ዶላር ያደረሰውን የራስ-ነጂ ሶፍትዌር በ2024 በ8,000 ሸጠ፤ ቀድሞ የከፈለው ከፈለ።

ወርሃዊው ክፍያ ከሽያጭ በፊት በጽሑፍ መነገር የለበትም ወይ ብዬ የጠየቅኋቸው የሸማቾች ጥበቃ ኃላፊ «በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጥም» አሉ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 መጨረሻ ሻጮች ጠቅላላ ዋጋውን እንዲናገሩ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 በአወጣጡ ጉድለት ሻረው።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛውማ የመስታወቱ ወረቀትም የለም። አዲሱ መኪና ወረቀት ላይ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ መስመር ነው፦ ነፃው መቼ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ በወር ስንት ነው? ኩባንያው ሁለቱንም ያውቃል፤ ካርዱን የሚጠይቅበትን ቀን አስቀድሞ የቆረጠው እሱ ነውና።