ለቡና ጆንያ ልዩ ፈቃድ የለም

ጥቅምት ገብቶ የጫካውና የጓሮው ቡና መቅላት ሲጀምር የካፋ ዞን የገጠር ኑሮ ወደ መንገድ ዳር ይሳባል። ማለዳ ለለቀማ የወጣው ቤተሰብ ከሰዓት በኋላ እሸት ቡናውን በጆንያና በቅርጫት ይዞ የመኪና ድምፅ ያዳምጣል። እሸት ቡና ቀጠሮ አይሰጥም። በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ በጆንያው ውስጥ ይሞቃል፤ መብላላት ይጀምራል፤ የታጠበ ቡና ሊሆን የነበረው ምርት ጥራቱን ያጣል። መኪናው ካልመጣ አርሶ አደሩ ቡናውን ወደ ደጁ መልሶ አስጥቶ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ በጀንፈል ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

መኪናው የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ግን በሰው እጅ የሚመጣ በመሆኑ ከሌሎቹ ይለያል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ መኪና ትናንት ያረሰውን መንገድ ዛሬ ባዶ መኪና እንኳ ሊያልፈው ይቸግረዋል። በተጨማሪዎቹ ጆንያዎች የተገኘው ትርፍ የአንድ ሰው ነው፤ የመንገዱ መበላሸት የሚያስከትለው ኪሳራ ግን በመንገዱ ጫፍ ለሚኖረው አርሶ አደር ሁሉ ይደርሳል። በመሆኑም ስለ ጭነት ልክና ስለ ፈቃዱ ማወቅ ለሾፌርና ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ሥራ

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫም ናት። ከጊምቦ፣ ከዴቻ፣ ከጨናና ከሌሎችም ወረዳዎች የሚወጣው ቡና ወደ ማዕከላዊ ገበያ ሲጓዝ የጅማን መስመር ይይዛል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በከተማዋ ቅርንጫፍ መጋዘን አለው።

ቡና እንደ ድንች ወይም እንደ ጎመን ባለቤቱ እንደፈለገ ጭኖት የሚሄድ ምርት አይደለም። የሚመራው በቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 በመሆኑ ከአካባቢው ሲወጣ መሸኛ ያስፈልገዋል። መሸኛው ቡናው የማን እንደሆነ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ኬላ ላይ የሚጠየቀውም ይኸው ወረቀት ነው።

ይሁን እንጂ መሸኛው የሚናገረው ስለ ቡናው እንጂ ስለ መንገዱ አይደለም። የተጻፈው ኩንታል ከተጫነው ጋር አንድ ቢሆንም መኪናው ያን ያህል እንዲሸከም ካልተፈቀደለት፣ ጭነቱ በቡናው ሕግ ትክክል ሆኖ በመንገዱ ሕግ ጥፋት ይሆናል። አንዱ ወረቀት የሌላውን ሥራ አይሠራም።

በዋና መንገዶች ላይ የተሽከርካሪ ክብደትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። በ1943 ዓ.ም የተቋቋመውንና ብዙዎች እስከ ዛሬ «አውራ ጎዳና» የሚሉትን መሥሪያ ቤት ሥራ የወረሰው ይኸው ተቋም እንደ ሞጆና ሠመራ ባሉ ቦታዎች የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች አሉት። ሚዛኑ የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚይዘው ዘንግ ላይ የሚያርፈውን ይለካል። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው ገደብ መሠረት የፊት አክስል ከ8 ቶን፣ ነጠላ የኋላ አክስል ደግሞ ከ10 ቶን መብለጥ የለበትም። ከመጠን ወይም ከክብደት ገደብ በላይ የሆነ ጭነት ማንቀሳቀስ የሚፈልግ ባለንብረት ልዩ ፈቃድ የሚጠይቀውም ይህንኑ መሥሪያ ቤት ነው።

ፈቃዱ ለማን ነው?

የልዩ ፈቃድ መሠረተ ሐሳብ አንድ ጥያቄ ነው፦ ጭነቱ መነጣጠል ይችላል ወይስ አይችልም?

ቡልዶዘር ለሁለት አይከፈልም። የኤሌክትሪክ ኃይል ትራንስፎርመር በሁለት ዙር አይመላለስም። እንደ ውሽውሽ ላለ የሻይ ፋብሪካ የሚመጣ ትልቅ ማድረቂያ፣ ለመንገድ ሥራ የሚጓዝ ኤክስካቫተር ወይም ከአርሲና ከባሌ የስንዴ ማሳዎች ወደ ሌላ አካባቢ የሚዛወር ኮምባይነር ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ እንዳለ መሄድ ወይም መቅረት። ኮምባይነር እንኳ የማጨጃ ክፍሉ ተፈትቶ ለብቻው ሊጫን ስለሚችል ሊነሣ የሚችለው ሁሉ ተነሥቶ የቀረው ነው ፈቃድ የሚጠየቅበት።

እንዲህ ያለው ጭነት ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚታዩት ጉዳዮች በየትኛውም አገር ይመሳሰላሉ። ዕቃው ስንት ቶን ነው? ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ስንት ነው? የሚጭነው ሎቤድ ስንት አክስልና ስንት ጎማ አለው? በየትኛው መንገድ ያልፋል? በመንገዱ ላይ ያሉት ድልድዮች ይችሉታል? ከኤሌክትሪክና ከስልክ ሽቦ ሥር ያልፋል? ለፈቃዱ የሚከፈለው ገንዘብ እነዚህን ጥያቄዎች አይተካም። አስቀድሞ ያልታየ ድልድይ ከተሰበረ መንገዱን የሚጠቀም ሁሉ ዳፋው ይደርሰዋል።

የጎረቤት አገሮች አሠራርም ከዚህ አይርቅም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት የጋራ ሕግ የአንድ ተሽከርካሪ ጠቅላላ ክብደት ከነጭነቱ ከ56 ቶን እንዳይበልጥ ወስነዋል። ልዩ ፈቃድ የሚታሰበውም በተለመደው ተሽከርካሪ ተከፋፍሎ ሊጓዝ ለማይችል ጭነት ነው።

ቡና ግን ይነጣጠላል። በቆሎም፣ ኮረሪማም፣ ማርም፣ አሸዋም፣ የባሕር ዛፍ አጠናም እንዲሁ። ለእነዚህ ከገደብ በላይ ለመጫን የሚጠየቅ ፈቃድ የለም፤ መልሱ ማራገፍና ለሌላ መኪና ማካፈል ብቻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚለው አባባል የመንገዱን ሕግ በአንድ መስመር ይናገረዋል።

2 ቶን ሲጨመር

ከአቅም በላይ የሚጭን ሰው የሚያቀርበው ክርክር የታወቀ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተጫነ ምልልሱ ይቀንሳል፤ ምልልሱ ከቀነሰ ነዳጁም የመንገዱ ጉዳትም ይቀንሳል የሚል ነው። ስለ ነዳጁ እውነት ሊኖረው ይችላል። ስለ መንገዱ ግን ስሌቱ ሌላ ነው።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በተባለች ከተማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ትልቅ የመንገድ ሙከራ ተካሂዷል። ለሙከራው በተሠሩ መንገዶች ላይ ልዩ ልዩ ክብደት የጫኑ መኪኖች ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተመላለሱ። ውጤቱ እስከ ዛሬ የመንገድ መሐንዲሶች የሚመሩበት ሆኗል። በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚያድገው በክብደቱ ልክ ሳይሆን በክብደቱ አራተኛ ርቢ ገደማ ነው።

ይህ በተግባር ሲታይ፣ 10 ቶን የተፈቀደለት አክስል 11 ቶን ቢሸከም ጉዳቱ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሆናል። 12 ቶን ሲሆን ከእጥፍ ያልፋል፤ 13 ቶን ሲሆን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። 15 ቶን የተጫነበት አክስል አንድ ጊዜ ሲያልፍ በልኩ የተጫነው አምስት ጊዜ የማለፉን ያህል ይጎዳል።

የምልልሱን ክርክርም በዚሁ መመዘን ይቻላል። በኋላ አክስሉ ላይ ከሚያርፈው 10 ቶን ውስጥ 4 ቶኑ የመኪናው የራሱ ክብደት፣ 6 ቶኑ ቡና ነው እንበል። 240 ቶን ለማጓጓዝ 40 ጊዜ ይመላለሳል። 2 ቶን ቢጨምርበት 30 ምልልስ ይበቃዋል፤ 10 ጉዞ አተረፈ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጉዞ ግን መንገዱን ከእጥፍ በላይ ስለሚጎዳ፣ በ30ው ምልልስ የሚደርሰው ጉዳት በልኩ የተጫነ መኪና 62 ጊዜ ከመመላለሱ ጋር ይተካከላል። ባለመኪናው 10 ጉዞ ሲያተርፍ መንገዱ 22 ጉዞ ከሰረ።

ዝናብና የቀበሌው መንገድ

ይህ ስሌት የተሠራው በአግባቡ ለተገነባ መንገድ ነው። ካፋ ደግሞ ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ ነው። ለጫካ ቡናው ሕይወት የሆነውና በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበውን የካፋ የደን ጥብቅ ሥፍራ ያለመለመው እርጥበት ለጠጠር መንገድ ፈተና ነው። ውኃ የጠጣ አፈር የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል። በበጋ 10 ቶን የቻለ መንገድ ዝናብ ባደረ ማግሥት ያንኑ ላይችል ይችላል።

ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር የሚያገናኙ የጠጠር መንገዶች በመላ አገሪቱ ተሠርተዋል። ብዙዎቹ የኅብረተሰቡ ጉልበትና ገንዘብ ያረፈባቸው ናቸው። የተሠሩት ቀላል መኪና፣ አምቡላንስ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የጫነ አይሱዙ በዓመቱ ውስጥ ሁሉ እንዲያልፍባቸው ታስቦ እንጂ እንደ አውራ ጎዳና ለከባድ መኪና ምልልስ አይደለም። በእነዚህ መንገዶች ላይ የክብደት ሚዛን የለም። ሚዛኑ በሩቅ ያለ የአስፋልት ዳር ጉዳይ በመሆኑ የቀበሌውን መንገድ የሚጠብቀው የጫኙና የአስጫኙ ኅሊና፣ እንዲሁም የአካባቢው አስተዳደር ንቃት ብቻ ነው።

ጉዳቱ ሲደርስም መጀመሪያ የሚሰማው በመንገዱ ጫፍ ነው። የውኃ መተላለፊያ ቱቦው ይሰበራል፤ ውኃው አቅጣጫውን ስቶ መንገዱን ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ መፈልፈያ ጣቢያው እሸት ቡና ለመሰብሰብ ወደዚያ መኪና አይልክም፤ ቢልክም የትራንስፖርቱን ጭማሪ ከአርሶ አደሩ ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ለወሊድ የተጠራ አምቡላንስም የሚቆመው በዚያው ቦታ ነው።

ጎጀብ ሳይደረስ

ከቦንጋ ወደ ጅማ የሚሄድ መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ ጎጀብን ተሻግሮ ዳግም ዳገት ይወጣል። በልኩ የተጫነ መኪና ፍሬን በቁልቁለት ሲሞቅ የሚበርድበት ፋታ ያገኛል፤ ከልክ በላይ የተጫነው ግን ፍሬኑ እየጋለ ኃይሉ ይደክማል። ለሾፌሩና ለረዳቱ ትርፉ ጭነት የገንዘብ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ቡና የጫነ መኪና ታሽጎ የወጣ ከሆነ መንገድ ላይ «አራግፍ» ቢባል ችግሩ ድርብ ነው። ዕሽጉ ይፈታል፤ የጆንያው ቁጥር ከመሸኛው ጋር አይገጥምም፤ የተራገፈው ቡና ያለ ወረቀት መንገድ ዳር ይቀራል። ስለዚህ የጭነቱን ልክ ማወቅ ያለበት ሚዛን ጣቢያው ሳይሆን መጫኛው ቦታ ነው። ጎጀብ ሳይደረስ፣ እንዲያውም የመጀመሪያው ጆንያ ሳይነሣ መታሰብ አለበት።

በመጫኛው ቦታ

ልክን ማወቅ ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ነገር ሊብሬውን ማየት ነው፤ መኪናው እንዲጭን የተፈቀደለት መጠን በዚያ ተጽፏል። 50 ኩንታል የተፈቀደለት መኪና በ85 ኪሎ ግራም፣ ማለትም በ5 ፈረሱላ ጆንያ 58 ጆንያ ይይዛል። 59ኛው ከልክ ያልፋል።

ሁለተኛው፣ የጭነቱን ከፍታ በማየት ክብደቱን አለመገመት ነው። ጀንፈል ገለባው ስላልተለየ ቦታ ይፈጃል እንጂ የከፍታውን ያህል አይከብድም፤ እሱን የጫነ መኪና ክብደቱ ሳይሞላ ከፍታው ወይም ወርዱ ሊያልፍ ይችላል። የተቀሸረ ቡና ግን በተቃራኒው ካሳው ሳይሞላ ክብደቱ ይሞላል። ማር ደግሞ ከውኃ ይከብዳል፤ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በማር ሲሞላ 280 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ገና የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍም ከደረቀው በእጅጉ ይከብዳል።

ሦስተኛው አደላደል ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ሆኖ ሳለ ጆንያው ሁሉ ወደ ኋላ ከተከመረ የኋላው አክስል ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል። ጭነቱ በካሳው ላይ እኩል መደልደል አለበት።

አራተኛው የአካባቢው ድርሻ ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት የቀበሌ መንገድን ለከባድ መኪና ለአንድና ለሁለት ቀን ዘግቶ ማቆየት መንገዱን ለወራት ያቆየዋል። ማኅበራትና ዩኒየኖች ከባለመኪና ጋር ሲዋዋሉ የጭነቱን ልክ በውሉ ውስጥ ቢያስገቡ፣ ክፍያውንም ትርፍ መጫንን በማያበረታታ መንገድ ቢወስኑ መንገዱን ከመኪናው በፊት ያድኑታል። የትራንስፖርት ዋጋ በኩንታል ብቻ ሲታሰብ እያንዳንዱ ትርፍ ጆንያ ለባለመኪናው ገንዘብ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም።

ለቡልዶዘሩ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው። ለቡናው ግን ሌላ መኪና፣ ሌላ ዙር፣ ሌላ ቀን አለው። ይህ የማይኖረው እሸት ቡናውን ይዞ መንገድ ዳር ለቆመው ቤተሰብ ነው፤ ለእሱ ያለው የዛሬው ከሰዓት ብቻ ነው። 58 ላይ የቆመ ቆጠራ ለዚያ ቤተሰብ መኪና ይደርስለታል።