ከአፈር የተረፈ ጫማ

ከገዳሪፍ እስከ መተማ ድንበር የተዘረጋው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥና በበጋ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ፣ በምሥራቅ ሱዳን ጥንታዊ መንደሮች የሚቆፍሩ አርኪዮሎጂስቶች በብዛት የሚያገኙት ሸክላና ድንጋይ ነው፤ ቆዳ ሳይበሰብስ የሚቆየው ወይ ፈጽሞ በደረቀ ወይ አየር በማይደርስበት እርጥብ ስፍራ ነውና። በደረቁ የዓባይ ዳርቻ ግን በጥንታዊቷ ከተማ በከርማ መቃብሮች የቆዳ ነጠላ ጫማ ተገኝቷል። የሮማው የግብፅ አገረ ገዥ ፔትሮኒየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20ዎቹ ዓመታት ጦር ያሰፈረበት የቃስር ኢብሪም ምሽግም፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሲቆፈር ብዙ የቆዳ ዕቃ ሰጥቷል።

ከእንዲህ ዓይነቱ ቅሪት ተነሥቶ የጥንቱን ጫማ ቅጂ የሚሠራ ባለሙያ በቆዳው ቁራጭ ላይ የቀሩትን የመርፌ ቀዳዳዎች እየተከተለ ስፌቱን ያነባል፣ ሶሉ የት እንደተበላ አይቶም የባለቤቱን አረማመድ ይገምታል። ቆዳው ፈጽሞ ቢጠፋ እንኳ ከሮማ ወታደር ጫማ ሥር የተመቱት የብረት ሚስማሮች እንደተደረደሩ ስለሚቀሩ የሶሉን ቅርጽ ይናገራሉ። ስለ ካልሲ ያለው ማስረጃ አነስተኛ ቢሆንም ይበልጥ ያስደንቃል፤ በግብፅ ኦክሲሪንከስ አውራ ጣት ለብቻ የተከፈለለት፣ በአንድ መርፌ የተሠራ ቀይ የሱፍ ካልሲ የተገኘ ሲሆን፣ በብሪታንያ ቪንዶላንዳ የተገኘ በስስ እንጨት ላይ የተጻፈ ደብዳቤም ካልሲ፣ ነጠላ ጫማና የውስጥ ሱሪ መላኩን ይገልጻል።

ቅጂው በትክክል እንዲሠራ ቆዳው በጥንቱ ስልት፣ ለምሳሌ ታኒን በተባለው የዕፀዋት ንጥረ ነገር መልፋት አለበት። ለዚህ ሱዳናውያን ቆዳ ፋቂዎች ዛሬም የሚጠቀሙበት የግራር ፍሬና ማርኩብ የተባለው የእጅ ስፌት ጫማቸው ከብዙ ሥዕል የበለጠ ያስተምራሉ።