የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሸጠው ለምንድን ነው?

መድኃኒት በገንዘብ የሚገዛ ነገር ቢሆንም እንደ ጨውና እንደ ስኳር ገንዘብ ያለው ሁሉ በፈለገው መጠን የሚሸምተው ሸቀጥ አይደለም። ይህ ልዩነት በሚገባ ባለመታወቁ በመድኃኒት ቤት ደጃፍ አለመግባባት ሲፈጠር ይታያል። እንቅልፍ አጥቶ የሰነበተ ሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ የእንቅልፍ ኪኒን ሲጠይቅ «የሐኪም ማዘዣ ያስፈልጋል» ይባላል። ለራስ ምታት የሚሆን ኪኒን በብዛት ለመግዛት የፈለገ ደግሞ «ይህን ያህል ለምን ፈለጉት?» ተብሎ ይጠየቃል። ገዥው ጥያቄውን እንደ ንቀት፣ ክልከላውንም እንደ ማንገላታት ሊቆጥረው ይችላል።

ይሁን እንጂ ክልከላው ከባለሙያው ፈቃድ የመነጨ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ከሚመረትበት ወይም ወደ አገር ከሚገባበት ጊዜ አንሥቶ በተጠቃሚው እጅ እስኪገባ ድረስ በቁጥጥር ሥር እንዲያልፍ ይደነግጋል። አፈጻጸሙን በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ በክልሎችም የጤና ተቆጣጣሪ አካላት ይከታተላሉ። ቁጥጥሩ ለምን እንዳስፈለገ መረዳት ደግሞ ከድካም ብቻ ሳይሆን ከሞትም ሊያድን ይችላል።

መድኃኒቶች በሦስት ወገን ይከፈላሉ

የመጀመሪያው ወገን ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጡ የሚችሉትን ይይዛል። ፓራሲታሞል፣ በተቅማጥ የወጣውን የሰውነት ፈሳሽ የሚተካው ኦ.አር.ኤስ.፣ እንዲሁም የጨጓራ አሲድን የሚያበርዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ከዚህ ወገን ናቸው።

ሁለተኛው ወገን በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጡትን ይመለከታል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም መድኃኒቶች፣ እንደ አሞክሲሲሊን ያሉ በተለምዶ አንቲባዮቲክ የሚባሉ መድኃኒቶችም እዚህ ይገባሉ።

ሦስተኛው ወገን በልዩ የማዘዣ ወረቀት የሚሰጡትን ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ያካትታል። እንደ ሞርፊንና ፔቲዲን ያሉ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። እንደ ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል ያሉት ደግሞ በ1971 በወጣው የሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ስምምነት ውስጥ ተመዝግበዋል። ኢትዮጵያ የሁለቱም ስምምነቶች አባል ናት። ሰዎች «የእንቅልፍ ኪኒን» ብለው የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ዳያዜፓምን ወይም የእርሱን ዘመዶች ነው።

የእንቅልፍ ኪኒን በምን ተለየ?

ዳያዜፓምና መሰሎቹ የአንጎልን ሥራ በማርገብ ጭንቀትን ይቀንሳሉ፤ እንቅልፍንም ያመጣሉ። በሐኪም ክትትል ለአጭር ጊዜ ሲወሰዱ ጠቃሚ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ሰውነት ሲለምዳቸው ነው። በየቀኑ ለሳምንታት ሲወሰዱ ትናንት አንድ ፍሬ ያስተኛው ሰው ዛሬ ሁለት ፍሬ ያስፈልገዋል። ድንገት ሲያቋርጥ ደግሞ እንቅልፍ ማጣቱ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ መንቀጥቀጥና ላብ ይከተላል፤ ሲከፋም የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅ ሰው ሊንዘፈዘፍና ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ እነዚህን መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በገዛ ሥልጣኑ ማቆም የለበትም፤ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስለት ሐኪም ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው አደጋ ከአልኮል ጋር ሲቀላቀል የሚመጣው ነው። አረቄም ሆነ ጠላ፣ ጠጅም ሆነ ቢራ እንደ ኪኒኑ ሁሉ አንጎልን ያረግባል። ሁለቱ በአንድ ሌሊት በአንድ ሰው ሆድ ሲገናኙ ትንፋሽን የሚያዝዘውን የአንጎል ክፍል ሊያደክሙ፣ ከነጭራሹም ሊያስቆሙ ይችላሉ። ጫት ቅሞ ምርቃናውን በእንቅልፍ ኪኒን ለመስበር የሚሞክር፣ በዚያ ላይም መጠጥ የሚጨምር ሰው ራሱን ለዚሁ አደጋ ያጋልጣል። እንደ ትራማዶል ያሉ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎችም ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ሲወሰዱ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ።

ሦስተኛው ጉዳት ነገ የሚታየው ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያሉ። ማታ ኪኒን የወሰደ ሰው ጠዋት ላይ የነቃ ቢመስለውም እጁና ዓይኑ እኩል አይታዘዙለትም። ባጃጅ ወይም የጭነት መኪና ለሚያሽከረክር፣ በወፍጮ ቤት ለሚሠራ፣ ከመውቂያ ማሽን ጋር ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አዛውንቶችን ደግሞ ለመንገዳገድ፣ ለመውደቅና ለአጥንት ስብራት ይዳርጋቸዋል።

አለርጂን የሚያክም መድኃኒት ለእንቅልፍ ሲውል

የእንቅልፍ ኪኒን ያልተሸጠላቸው አንዳንድ ሰዎች ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። እንደ ዳይፈንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉ ለአለርጂ፣ ለሳል ወይም ለማቅለሽለሽ የሚሰጡ መድኃኒቶች እንቅልፍ እንደሚያመጡ ስለሚታወቅ ለዚሁ ብለው ይገዟቸዋል። እነዚህ መድኃኒቶች እንቅልፍ የሚያመጡት ግን እንደ ጎንዮሽ ውጤት ነው፤ ሰውነትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምዳቸዋል። አፍን ያደርቃሉ፤ ሆድን ያደርቃሉ፤ በተለይ አዛውንቶችን ያደናግራሉ፤ የፕሮስቴት ዕጢ ያበጠባቸውን ወንዶች ሽንት ሊከለክሉ ይችላሉ። ሕፃን አልተኛም ብሎ እንዲህ ያለ ሽሮፕ መስጠትም አደገኛ ነው፤ ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ትንፋሽን ሊያፍን ስለሚችል ጨርሶ አይሰጥም።

ዘመድ ከውጭ የላከው ኪኒን

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች ለቤተሰብ ከሚልኳቸው ነገሮች መካከል መድኃኒት ይገኝበታል። በዚያ አገር ሜላቶኒን እንደ ምግብ ማሟያ ተቆጥሮ በሱቅ ይሸጣል፤ ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው የእንቅልፍ ኪኒኖችም ያለ ማዘዣ ይገኛሉ። ነገር ግን በአንድ አገር በነፃ የሚሸጥ መድኃኒት በሌላው አገር ማዘዣ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ሜላቶኒን ራሱ በእንግሊዝ የሚሰጠው በሐኪም ትእዛዝ ነው። አሜሪካም ብትሆን ሁሉን አትፈቅድም። ሱዶኤፌድሪን የተባለው የአፍንጫ መታፈን መድኃኒት ሜታምፌታሚን ለተባለው አደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ሲውል በመታየቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ገዥው መታወቂያ አሳይቶና ተመዝግቦ በተወሰነ መጠን ብቻ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የስም ጉዳይ ነው። አሜሪካውያን አሲታሚኖፌን የሚሉት መድኃኒት እኛ ፓራሲታሞል የምንለው ነው። «ታይለኖል ፒኤም» የተባለው የእንቅልፍ ኪኒን ይህንኑ ከዳይፈንሃይድራሚን ጋር ቀላቅሎ ይዟል። ስለዚህ ማታ ይህን ኪኒን ውጦ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል የሚደርብ ሰው ሳያውቅ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይወስዳል። በመጠቅለያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያልቻለ ሰው ኪኒኑን ከመዋጡ በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ሊያሳይ ይገባል።

ያለ ማዘዣ የሚሸጠውም መጠን አለው

ሲበዛ ማርም ይመራል። ፓራሲታሞል በትክክለኛው መጠን ሲወሰድ አስተማማኝ ነው፤ ጤነኛ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊወስደው የሚችለው ከፍተኛው መጠን 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም ስምንት ፍሬ ነው። መጠጥ አዘውትሮ የሚጠጣ ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ግን ከዚህ ያነሰ ሊታዘዝለት ይገባል። ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ያበላሻል። አደጋውን የሚያከፋው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ብዙም ምልክት አለማሳየቱ ነው፤ ሰውየው ደኅና የመሰለው ጉበቱ እየተጎዳ ሳለ ነው። መጠኑን ያለፈ ሰው ምልክት ሳይጠብቅ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ማርከሻው መድኃኒት የሚበጀው ቶሎ ሲሰጥ ነውና።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ እሽግ የሚሸጠውን ፓራሲታሞል በፋርማሲ 32 ፍሬ፣ በሌሎች ሱቆች 16 ፍሬ ላይ ወሰነች። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች በዚህ መድኃኒት ከመጠን ማለፍ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር መቀነሱ ታይቷል። ሰው በጭንቅ ሰዓት የሚወስነው ውሳኔ ብዙ ጊዜ አላፊ ነው፤ በዚያች ሰዓት በእጁ ብዙ መድኃኒት አለመኖሩ ነፍሱን ሊያተርፍ ይችላል። የፋርማሲ ባለሙያው «ለምን ይህን ያህል?» ሲል የሚጠይቀው ለዚህም ጭምር ነው። በቤት ውስጥ የከፋው ወይም ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ መድኃኒቱን ሌላ የቤተሰብ አባል ቢይዘው፣ ታማሚውንም ብቻውን ሳይተዉ ወደ ጤና ጣቢያ ቢወስዱት ይመረጣል።

አንቲባዮቲክን በተመለከተ የገደቡ ምክንያት ሌላ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ባክቴሪያን እንጂ የጉንፋን ቫይረስን አይገድሉም። ያለ ምርመራ ሲወሰዱ ወይም ሲጋመሱ ተህዋስያኑ መድኃኒቱን ይለማመዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። የአንዱ ሰው ግድየለሽነት ለጎረቤቱ ልጅም ይተርፋል።

እንቅልፍ ማጣት ራሱ የሚናገረው አለ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ የሌላ ችግር ምልክት ነው። የስኳር ሕመም ወይም የፕሮስቴት ዕጢ ሌሊት ለሽንት ያስነሣል፤ አስም ያፍናል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ያገላብጣል፤ ድባቴ ከንጋት በፊት ያነቃል። አንዳንዴም ምክንያቱ በመኝታው ላይ ያለ ትኋን ወይም ቁንጫ ነው። ኪኒኑ እነዚህን ሁሉ ይሸፍናል እንጂ አያክምም።

በግጭት፣ በመፈናቀል ወይም በዘመድ ሞት ምክንያት እንቅልፍ ያጡ ወገኖችም ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ አስደንጋጭ ነገር ከደረሰ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለእንቅልፍ ማጣት ዳያዜፓምንና መሰሎቹን መስጠት እንደማይገባ መክሯል። በዚያ ወቅት የሰው አጽናኝነት፣ ዕረፍትና የባለሙያ ምክር ይቀድማሉ። ለረጅም ጊዜ በቆየ እንቅልፍ ማጣትም ቢሆን የብዙ አገሮች የሕክምና መመሪያ የሚያስቀድመው የእንቅልፍን ልማድ የሚያስተካክል የምክር ሕክምናን ነው።

በቤት ውስጥ ሊጀመር የሚችል ነገርም አለ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ አለመተኛት፣ በመኝታ ሰዓት ስልክን ማራቅ ይረዳል። የቡና ኃይል ለሰዓታት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ቡናውን ከቀትር በፊት ቢጨርስ፣ የማታውን አቦል ቢተው ይመረጣል። መጠጥ ቶሎ የሚያስተኛ ቢመስልም እኩለ ሌሊት ላይ ይቀሰቅሳል።

ገደቡ እንዳይጎዳ

ቁጥጥሩ የሚጠቅም ቢሆንም ማዘዣ ለማግኘት ግማሽ ቀን በእግር ለሚጓዝ ሰው ሸክም መሆኑ አይካድም። ሸክሙ ከሁሉ የሚከብደው የሚጥል በሽታ ላለባቸው ነው። ፌኖባርቢታል ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ለእነዚህ ታማሚዎች የዕለት እንጀራ ያህል ያስፈልጋል። ለጥቂት ቀናት እንኳ ቢቋረጥ በማያባራ መንፈራገጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳያልቅ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ጤና ተቋሙ መሄድ ያስፈልጋል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባውም፤ በጾም ወቅትም የመውሰጃ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል።

ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄዱ ማዘዣውን፣ የቀድሞውን መድኃኒት እሽግና የሕክምና ካርዱን ይዞ መሄድ መመላለስን ይቀንሳል። እርግዝናን፣ ጡት ማጥባትን፣ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒትንና መጠጥን አለመደበቅ ይገባል። ገዥውም በበኩሉ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የሚወሰድበትን ሰዓትና የሚቆይበትን ቀን ጠይቆ የመረዳት፣ ደረሰኝም የመቀበል መብት አለው። በገበያ ላይ በመደብና በሱቅ የሚሸጥ መድኃኒት ግን ምንጩ አይታወቅምና አይገዛ። ሕገ ወጥ ሽያጭ ያየ ሰው ለአካባቢው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ሊጠቁም ይችላል።

ለአንዱ የታዘዘ ኪኒን ለሌላው አይሆንም፤ የተረፈውንም ለጎረቤት ማካፈል ደግነት አይደለም። መድኃኒቱን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥ፣ ጊዜው ያለፈበትን ወደ ጤና ተቋም መመለስ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ ነው።