ጥሩምባ በኪሎ አይሸጥም

በትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት፣ በቀበሌ አዳራሽ ጓዳ፣ አንዳንዴም በጡረተኛ ሙዚቀኛ አልጋ ሥር አቧራ የጠጣ የናስ መሣሪያ አይጠፋም። ትራምፔት ይሆናል፣ ትሮምቦን ይሆናል፣ ወይም ስሙን የማናውቀው ጥምዝምዝ ቱቦ ይሆናል። ይሸጥ የተባለ ዕለት ሁለት ሰው ይመጣል። አንደኛው ቆራሌው ነው፤ ሚዛኑን አውጥቶ «በኪሎ ስንት ልበላችሁ?» ይላል። ሁለተኛው አዋቂ ነኝ ባይ ጎረቤት ነው፤ «ይኼ እኮ የጥንት ነው፤ ፈረንጅ ሚሊዮን ይሰጥበታል» ይላል። የመጀመሪያውን የሰማ መሣሪያውን ያቀልጠዋል። ሁለተኛውን የሰማ ደግሞ ገዢ ሲጠብቅ ያበሰብሰዋል።

ከሞጆና ከአዳማ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ነገ በመምህርነት የምትመደቡ ሰልጣኞች የክበብ ወይም የንብረት ኮሚቴ አባል መሆናችሁ አይቀርም። ስለዚህ ያገለገለና ብርቅ የሆነ የናስ መሣሪያ ዋጋው እንዴት እንደሚተመን በዚህ ጽሑፋችን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በስጦታ ልከዋል። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያዩአቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገብተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ባንድ ሆኑ። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነዚህን ነው። ኋላም የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሙዚቀኞች ተከተሉ። እንግዲህ በእጃችን የገባው አሮጌ ጥሩምባ ከእነዚህ ከአንዱ የወጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ሊሆን ይችላል» ዋጋ አያወጣም፤ ዋጋ የሚያወጣው ማስረጃ ነው። አንድ ፎቶግራፍ፣ የክፍሉ ማኅተም ወይም የርክክብ ወረቀት ካለ ከመሣሪያው ጋር ይቀመጥ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ የሠሪው ስምና ከተማ በሰፊው አፉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ተከታታይ ቁጥሩ ደግሞ በትራምፔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በመካከለኛው ፒስተን ቤት ላይ ነው። ኮን፣ ቤሶን፣ ኩየኖን፣ ባክ የሚሉት ስሞች በሙዚቀኛ ዘንድ የታወቁ ናቸው። ከቁጥሩ የተሠራበትን ዘመን ማግኘት የሚቻልባቸው ፋብሪካዎችም አሉ።

ሦስተኛው «ይነፋል ወይ?» ነው። ፒስተኖቹ ሲጫኑ ወርደው በራሳቸው ይመለሱ። ተንሸራታች ቱቦዎቹ ይሳቡ። ፒስተኑን ሳትጫኑ የራሱን ቱቦ ሙሉ በሙሉ ሳታወጡ በከፊል ሳቡና ከዚያ በኋላ ፒስተኑን ተጫኑ፤ «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰጠ አየር አያስወጣም ማለት ነው። ድምፅ ከሌለ ፒስተኑ ሳይበላ አልቀረም፤ ይህም ውድ ጥገና ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ስለሆነ ዚንኩ ተበልቶ ሲወጣ ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይታያል። ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ባለው ቱቦ ላይ ይህን ካያችሁ ቱቦው መለወጡ አይቀርም። የተጎደጎደ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ አያስደነግጥም፤ እጁ የለመደ ጠጋኝ ያወጣዋል።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ ቅኝቱ። ዛሬ የተለመደው ቅኝት ላ የተባለውን ድምፅ በሰከንድ 440 ንዝረት ያደርገዋል፤ ይህም በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን በተደረገ ጉባኤ ስምምነት ያገኘ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ በተለይም የእንግሊዝ ባንዶች የነፏቸው መሣሪያዎች ከ450 በላይ የሚወጡ አሉ። ልዩነቱ ሩብ ድምፅ ያህል ነው። እንዲህ ያለው ጥሩምባ ለብቻው ሲነፋ ያምራል፤ ከኪቦርድ ጋር ሲገጥም ግን ጆሮ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ሰብሳቢ ይፈልገው እንደሆነ እንጂ ሙዚቀኛ አይገዛውም። በስልክ ላይ ባለ መቃኛ መለካት ይቻላል።

ብርቅነትንም እንለይ። ፈላጊው ብዙ ሆኖ ዕቃው ጥቂት ሲሆን ዋጋ ይጨምራል። ፈላጊ ስላልነበረው ጥቂት ብቻ የተሠራ ዕቃ ግን ብርቅ ቢሆንም ውድ አይደለም። እንዲሁም ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ሌላ፣ በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ሌላ ነው። መነሻችን ሁለተኛው ይሁን።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የወሰድናቸው ናቸው። በደንብ የሚነፋ ተመሳሳይ ትራምፔት በ40,000 ብር ተሽጧል እንበል። ለፒስተን ጥገና 8,000፣ ለማውዝፒስ 4,000፣ ለሳጥን 3,000 ብር ሲቀነስ 25,000 ይቀራል። ጥገናው ላይሳካ ስለሚችል ለገዢው ሥጋት 5,000 ብር ብንተውለት 20,000 ብር ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ዋጋችን ነው፤ ስንጠይቅ ለድርድር የሚሆን ትንሽ እንጨምርበታለን። ያው ትራምፔት በሚዛን ሲቀመጥ ግን አንድ ኪሎ ግድም ነው። ኪሎ ናስ 600 ብር ቢሆን ቆራሌው የሚሰጠን 600 ብር ብቻ ነው! ዕቃውም መርካቶ ምናለሽ ተራን ወደመሰለ ሰፈር ሄዶ ከተቆራረጠ በኋላ ስሙም ታሪኩም አይመለስም።

ከመሸጥ በፊት በሎሚና በአመድ መፈተግ አይገባም። ያብለጨለጨ መስሎን ቅቡን እንልጠዋለን፤ ጽሑፉንም እናደበዝዘዋለን። በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል።

በመጨረሻም፣ የትምህርት ቤት ዕቃ የግምጃ ቤት ኃላፊው የግል ንብረት አይደለም። ተመዝግቦ፣ በኮሚቴ ታይቶና ተገምቶ በደንቡ መሠረት ነው የሚወገደው። ታሪክ ያለው መሆኑ ከተጠረጠረ ደግሞ የቅርስ ጉዳይ ይሆናል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ ጥገናው 8,000 ብር ከሆነና በግቢው ውስጥ መንፋት የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ መሸጡ ለምን አስፈለገ?