ኮቫሌንኮ ሁሉ ቀጥቃጭ አይደለም

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት የዩክሬናዊት እናቱን የልደት ምስክር ወረቀት ሊያስተረጉም ከአክስቱ ጋር ሰነድ ወደምተረጉምበትና የዘር ሐረግ ወደምፈልግበት ቢሮዬ መጣ። የእናቱ የቤተሰብ ስም ኮቫሌንኮ ነው። ልጁ ትርጉሙን ከኢንተርኔት አግኝቷል፤ «የቀጥቃጭ ልጅ» ማለት እንደሆነ ነገረኝና የቅድመ አያቶቹ ብረት መቀጥቀጫ የት መንደር እንደነበር ፈልጌ እንዳገኝለት ጠየቀኝ። አክስቱ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀጥቃጮች ናቸው እንዴ?» አሉኝ። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ሐሜቱ ግን አዋጁን የሰማ አይመስልም።

እሱ የኮራበትም ሆነ እሳቸው የሰጉበት ነገር ከስሙ ውስጥ አይገኝም። ይህን ለደንበኛ ሁሉ ማስረዳት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰልችቶኛል።

ኮቫል ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ «ኤንኮ» ደግሞ «የእገሌ ልጅ» ይላል። እንግዲህ ቀጥቃጩ አባትየው ነው፤ ኮቫሌንኮ ተብሎ የተመዘገበው የመጀመሪያው ሰው ራሱ መዶሻ ጨብጦ ላያውቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1649 ከዝቦሪቭ ስምምነት በኋላ የተዘጋጀው የዛፖሮዥያ ሠራዊት መዝገብ በ16 ክፍለ ጦር 40 ሺህ ያህል ኮሳክ የተባሉ የዩክሬን ወታደሮችን ይዘረዝራል። በ«ኤንኮ» የሚያልቀው ስም እዚያ ተቆጥሮ አያልቅም፤ የማንም ባለሙያ ልጅ ይሁን፣ በዚያ መዝገብ የገባው በወታደርነቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ ሥራው አብሮት አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወርቅ ኳስ የወሰደውን እግር ኳስ ተጫዋች ሼቭቼንኮን «የጫማ ሰፊው ልጅ» የሚለው የለም። ባለቅኔው ታራስ ሼቭቼንኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1814 ከገባር ቤተሰብ ተወልዶ ሠዓሊ ሆነ፤ ነፃነቱም በ1838 በ2,500 ሩብል ተገዛለት። የእሱ ቤተሰብ እንዲያውም ግሩሺቭስኪ በሚል ሌላ ስምም ይጠራ ነበር። የትኛውን ስም ይዘን የትኛውን ሙያ ልንፈልግ ነው?

«ታዲያ ስሙ ለምን ይህን ያህል በዛ? አገሩ በቀጥቃጭ የተሞላ ነበር ማለት ነው» ይሉኛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መንደሩ በሙሉ ገበሬ በሆነበት አንዱን «ገበሬው» ብሎ መጥራት ማንንም አይለይም። ቀጥቃጭ ግን በየመንደሩ አንድ ቢበዛ ሁለት ነው፤ «የቀጥቃጩ ልጅ» ሲባል ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በሸክላ ሥራዋ በታወቀችው ኦፒሽኒያ አንዱን ሰው ብቻ ነጥሎ «ሆንቻር»፣ ሸክላ ሠሪው፣ ማለት ምን ይጠቅማል? ስም የሚወጣው በመንደሩ ውስጥ ብርቅ ከሆነው ነገር ነው። መንደሮቹ ብዙ ስለሆኑ ኮቫሌንኮም በየመንደሩ ለየብቻው ተወለደ። ስለዚህ የፖልታቫው ኮቫሌንኮ ከቼርካሲው ጋር ይዛመዳል ብሎ መነሳት የወራት ድካም ያተርፋል።

ሰው ሁሉ የሚጥለው የስሙ መጨረሻ ከሙያው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠቅመኛል። ኮቫሌንኮ ሲባል ዓይኔ ወደ ዲኒፕሮ ወንዝ አካባቢ ይሄዳል፤ ኮቫልቹክ ሲባል ደግሞ በስተ ምዕራብ ወዳሉት ወደ ቮሊንና ወደ ፖዲልያ። ይህም ቢሆን መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ሰው ይሰደዳል፣ ጸሐፊም እንደ ልማዱ ይጽፋል።

የቅድመ አያቱን ሥራ በእርግጥ ማወቅ ለሚፈልግ መዝገብ አለለት። እ.ኤ.አ. ከ1765 እስከ 1769 ከዲኒፕሮ ወንዝ በስተ ግራ ባለው አገር የተካሄደው የሩሚያንትሴቭ ቆጠራ ቤት ለቤት ሀብትንና መተዳደሪያን ጽፏል። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦችም ሰውየው ኮሳክ ይሁን ገባር ይናገራሉ። እነዚህ ሁሉ የተደራጁት ግን በቤተሰብ ስም ሳይሆን በመንደርና በአጥቢያ ነው። ስለዚህ ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ ባለሙያ ስትመጡ የስሙን ትርጉም ተዉትና አያታችሁ የተወለዱበትን መንደር ጠይቃችሁ ኑ።