ከገበጣ ጠጠር እስከ ቼስ ሰዓት፦ የአእምሮ ውድድር እንዴት ይለመዳል?

እንጅባራ፦ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች ሲዘዋወር የዋለ ሰው ከብት ጠባቂ ልጆች መሬት ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ምሰው፣ ጠጠር ለቅመው ገበጣ ሲጫወቱ ማየቱ አይቀርም። ወደ ዳንግላና እንጅባራ ከተሞች ሲዘልቅ ደግሞ በሱቅ በረንዳ ላይ ካርቶን ተዘርግቶ፣ ቆርኪ ተደርድሮ ዳማ ይጠብቀዋል። ከአንደኛው ወገን ቆርኪው ተደፍቶ፣ ከሌላኛው ተገልብጦ ይሰለፋል። በተማሪዎች መኖሪያ አካባቢ የቼስ ሰሌዳ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ሦስቱንም ኅብረተሰቡ የሚያውቃቸው በጊዜ ማሳለፊያነት ነው። በሌላው ዓለም ግን እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ደረጃ የሚወጣላቸው፣ ማዕረግ የሚሰጥባቸው፣ ከአገር አገር የሚያጓጉዙ ውድድሮች ናቸው። አንድ ልጅ ከጠጠሩ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ምን ምን ማለፍ አለበት? ይህ ጽሑፍ መንገዱን በቅደም ተከተል ለማሳየት ይሞክራል።

መነሻው ገበጣ ነው። ጉድጓዶቹ እንደየአካባቢው ልማድ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ይማሳሉ፤ ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሮቹን አፍሶ አንድ በአንድ በተከታዮቹ ላይ ይዘራል። ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚታወቁ ከመቶ በላይ የጨዋታው ዓይነቶችን መዝግበዋል። ልዩነቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ችሎታው አንድ ነው፤ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ እጅ ሳይንቀሳቀስ አስቀድሞ ማወቅ። ጀማሪ በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል። የለመደው ዓይኑን አንድ ጊዜ ይጥላል፣ ይዘራል፣ ይበላል። ቼስ ተጫዋቾች «ስሌት» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እኔ ይህን ካደረግሁ እርሱ ያንን ያደርጋል፣ ከዚያስ?

እኔም ከብት ስጠብቅ ገበጣ አሳምሬ እችል ነበርና ግብርና ኮሌጅ ስገባ ቼስ የሚከብደኝ አልመሰለኝም። የመጀመሪያው ጨዋታዬ በአራተኛው እርምጃ አለቀ። የክፍል ጓደኛዬ ንግሥቷንና ጳጳሱን አስተባብሮ ከንጉሤ አጠገብ ያለውን፣ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌለውን ወታደር በላና መውጫ አሳጣኝ። በሳምንቱ በዚያው ዘዴ ደገመኝ። ሁለተኛው ሽንፈት ከመጀመሪያው ይልቅ አሳፈረኝ፤ መሳሳቴን እንጂ የት እንደተሳሳትሁ አላወቅሁምና። ለውጥ የመጣው ሌላ ተማሪ እርምጃዎችን መጻፍ ካስተማረኝ በኋላ ነው። ሰሌዳው 64 ቤቶች አሉት፤ ዓምዶቹ በፊደል፣ ረድፎቹ በቁጥር ይሰየማሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ በአጭሩ ይመዘገባል። የሰብል ጥበቃ ደብተሬ የኋላ ገጾች በሽንፈቶቼ ተሞሉ። ማታ ማታ ጨዋታውን መልሼ ስደረድረው የተበላሸበት ቦታ ብዙ ጊዜ እኔ ከጠረጠርሁት ሁለትና ሦስት እርምጃ ቀድሞ ይገኝ ነበር።

ቼስ ለአገራችን እንግዳ የሆነ የፈረንጅ ጨዋታ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ታሪኩ ሌላ ነው። ሰንጠረዥ የሚለው ስም ራሱ ፋርሶችና ዐረቦች ጨዋታውን ከሚጠሩበት ሻጥራንጅ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ጨዋታው በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ግቢ ለዘመናት ተዘውትሯል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሳልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ለጨዋታው የነበራቸውን ፍቅር አይቶ መዝግቧል። በዚያው መቶ ዘመን አጋማሽ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ሕጉን በዝርዝር ጽፏል።

የሰንጠረዥ አጨዋወት ከዛሬው ቼስ በብዙ ነገር ይለያል። ሰሌዳው ነጭና ጥቁር ሆኖ አይዥጎረጎርም፤ በጨርቅ ወይም በቆዳ ላይ መስመር ተሰምሮበት ቤቶቹ ይለያሉ። በዛሬዋ ኃይለኛ ንግሥት ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል ወይም ሳባ የሚባለው ዝሆን በሰያፍ ወደ ሦስተኛው ቤት ይዘልላል። ከሁሉም የሚያስደንቀው አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ምዕራፍ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ሠራዊታቸውን እንደየፍጥነታቸው ያሰልፋሉ። ብልሁ ተጫዋች የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ሁለት የጦር አለቆች ከመግጠማቸው በፊት ሜዳውን የሚያዩበትን ሁኔታ ይህን ያህል የሚመስል ሌላ የሰሌዳ ጨዋታ እኔ አላውቅም።

አሸናፊነትም ደረጃ ነበረው። ንጉሡን በደር፣ ማለትም በዛሬው ግንብ፣ ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ድል ይቆጠር ነበር፤ በፈርዝ ወይም በፊል መያዝ የበለጠ ያስከብራል፤ በወታደሮች መውጫ ያሳጣ ግን ይጨበጨብለታል። ኃይለኛው በደካማው መሸነፉ ነው የሚወደደው። ይህ ልማድ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እየደበዘዘ ሄዶ ዛሬ ሰንጠረዥን በአሮጌው ሕግ የሚጫወት ማግኘት አዳጋች ሆኗል። ሳይለወጥ የቀረው ፈረስ ነው፤ በሰንጠረዥም በቼስም ሁለት ቤት ሄዶ ወደ ጎን አንድ ይታጠፋል፣ መንገዱን የዘጋውንም ዘሎ ያልፋል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል በእንጅባራ ለሚያከብር የአዊ ልጅ ይህን ጠጠር ማስተዋወቅ ብዙ አያደክምም።

አሁን ወደ ዘመናዊው ውድድር እንምጣ። ለወዳጅ ጨዋታና ለውድድር ያለው የመጀመሪያው ልዩነት ሥርዓት ነው። በውድድር የነኩትን የራስ ጠጠር ማንቀሳቀስ፣ የነኩትን የባላጋራ ጠጠር ደግሞ የሚበላ ከሆነ መብላት ግዴታ ነው። ተመልካች አፉን ይዘጋል። በበረንዳው ዳማ «እሱን ተው፣ ያንን ብላ» እያለ የሚመክረው ጎረቤት በውድድር አዳራሽ ቦታ የለውም። ሁለተኛው ልዩነት ሰዓቱ ነው። ሁለት ፊት ያለው ሰዓት ከሰሌዳው ጎን ይቀመጣል፤ እርምጃውን የጨረሰ ሲጫነው የባላጋራው ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። በሰሌዳው ላይ እያሸነፈ ጊዜው ያለቀበት ሰው ይሸነፋል። በረጅሙ ጨዋታ እርምጃን መጻፍም የሕግ ግዴታ ስለሆነ የደብተሬ ልማድ ከንቱ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነጥብ ይመጣል። ሃንጋሪ ተወላጁ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ የቀመረውን የደረጃ ስሌት ዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ እ.አ.አ. በ1970 ተቀብሎታል። ስሌቱ የሚያየው ማሸነፍን ብቻ ሳይሆን ማንን እንዳሸነፉ ጭምር ነው። በሁለት ተጫዋቾች መካከል የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ ከፍተኛው ከ100 ጨዋታ 76 ያህል ነጥብ እንደሚያገኝ ይጠበቃል። 1400 ነጥብ ያለው አዲስ ተጫዋች 1600 ካለው ጋር ተጋጥሞ ቢያሸንፍ 30 ነጥብ ገደማ ይጨመርለታል፤ ቢሸነፍ የሚቀነስበት 10 ገደማ ብቻ ነው። ለጀማሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከሚበልጥ ጋር ተጋጥሞ መሸነፍ ርካሽ፣ ከሚያንስ ጋር ተጋጥሞ መሸነፍ ውድ ነው። በየሠፈራችን ግን አሸናፊ ሆኖ መታየት ስለሚወደድ ብዙው ሰው ተቃራኒውን ሲያደርግ አያለሁ።

ማዕረጉም በነጥቡ ላይ ይቆማል። ዕጩ ማስተር ለመባል 2200፣ የፊዴ ማስተር 2300፣ ዓለም አቀፍ ማስተር 2400፣ ታላቁ ማስተር 2500 ነጥብ ያስፈልጋል። ለሁለቱ ከፍተኛ ማዕረጎች ነጥብ ብቻውን አይበቃም፤ ከማዕረገኞች ጋር በተደረጉ ውድድሮች የተወሰነ ውጤት ደጋግሞ ማስመዝገብ ይጠየቃል። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ታላቅ ማስተር ቱኒዚያዊው ስሊም ቡአዚዝ ሲሆን ማዕረጉን ያገኘው እ.አ.አ. በ1993 ነው። ግብጻዊው ባሰም አሚን ደግሞ የሕክምና ዶክተር ሆኖ ሳለ 2700 ነጥብን በማለፍ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል።

ለእኛ ገጠር ግን ከሁሉም የሚቀርበው የኡጋንዳዊቷ ፊዮና ሙቴሲ ታሪክ ነው። ካምፓላ ካትዌ በሚባለው የድሆች መንደር ያደገችው ይህች ልጅ ትምህርት አቋርጣ ጎዳና ላይ በቆሎ ትሸጥ ነበር። ወደ ቼስ የሳባት ለልጆቹ ይታደል የነበረው ምግብ ነው። አሠልጣኟ ሮበርት ካቴንዴ ጨዋታውን ያስተማሩት በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በአነስተኛ አቅም ነበር። የጠጠሮቹን አካሄድ ያሳየቻት ከእርሷ በዕድሜ የምታንስ ልጅ መሆኗም ይነገራል። እ.አ.አ. በ2010 በሩሲያዋ ካንቲ ማንሲይስክ ለአገሯ በኦሊምፒያድ ተሰለፈች፤ በ2012 በኢስታንቡል ባስመዘገበችው ውጤት የሴት ዕጩ ማስተር ማዕረግ አገኘች። ታሪኳ በ2016 ፊልም ሆኗል። ማዕረጉ በቼስ ዓለም ከታችኞቹ አንዱ ነው፤ ልጅቱ ወደ ትምህርት ገበታ ተመልሳ ዩኒቨርሲቲ መድረሷ ግን ከማዕረጉ ይበልጣል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቼስ የሒሳብ ውጤትን ያሳድጋል የሚል ወሬ በየመድረኩ ይሰማል። በእንግሊዝ በ100 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.አ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት በቼስ ትምህርት ምክንያት የሒሳብ ውጤት እንደተሻሻለ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ወላጅን «ልጅዎ በሒሳብ ጎበዝ ይሆናል» ብሎ ማግባባት ተገቢ አይመስለኝም። ልጁ ረጋ ብሎ መቀመጥን፣ መሸነፍንና ስሕተቱን መልሶ ማየትን ይለምዳል ማለት ግን ይቻላል፤ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ።

ከቼስ ጎን ለጎን የአእምሮ ስፖርት ተብሎ የሚታወቀው ብሪጅ የካርታ ጨዋታ ነው። ቼስና ብሪጅ ሁለቱም እ.አ.አ. በ1999 የዓለም አቀፉን የኦሊምፒክ ኮሚቴ ዕውቅና አግኝተዋል። በእኛ ዘንድ ካርታ ሲባል ቁማር ስለሚታወስ ነገሩ ማብራሪያ ይሻል። በብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ 52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሳል። በመጀመሪያ ምን ያህል ዙር እንደሚያሸንፉ በጨረታ መልክ ቃል ይገባሉ፣ ቀጥሎ ቃላቸውን በጨዋታ ይፈጽማሉ። ጓደኛሞች በዚህ ጨረታ ከተፈቀዱት ቃላት በቀር በምልክትም በፊት ገጽታም መነጋገር አይችሉም። በውድድር ደግሞ የዕድልን ነገር የሚያስቀር ብልሃት አለ፤ ያው የካርታ ድልድል በየጠረጴዛው ይዞርና ጥንዶች የሚመዘኑት በተመሳሳይ ካርታ ሌሎች ካስመዘገቡት ጋር ነው። መጥፎ ካርታ ደርሶኝ ነው የሚል ሰበብ አይሠራም። የዛሬውን የነጥብ አቆጣጠር አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.አ.አ. በ1925 አዘጋጅቶታል፤ ግብጻዊው የፊልም ተዋናይ ዑመር ሸሪፍም በዚህ ጨዋታ በዓለም ደረጃ ተወዳድሯል። የክለብ ተጫዋቾች የሚያገኙት የማስተር ነጥብ እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ እንደ ቼሱ አይቀነስም፤ ለትዕግሥተኛ አዛውንት የሚስማማ ሥርዓት ነው።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ እንቅፋቱ የችሎታ አይደለም። ሰዓት የለም፣ አሠልጣኝ የለም፣ ለውድድር ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል። ስልክ ያለው ወጣት በኢንተርኔት ከሩቅ ሰው ጋር መጋጠም ቢችልም መስመሩ ሲቋረጥ ያሸነፈው ጨዋታ ሽንፈት ሆኖ ይመዘገብበታል፤ በእኔም ደርሶብኛል። የሴት ልጆች ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ወንዱ ከብቱን አሰማርቶ ገበጣ በሚቀመጥበት ሰዓት እኅቱ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። ጊዜ ለሌላት ልጅ ሰሌዳ ማደል ብቻውን ትርጉም የለውም።

ሰሌዳው ራሱ ግን ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ለዳማው የዋለው ካርቶን ለቼስም 64 ቤት ይበቃዋል፤ በ32 ቆርኪ ላይ የጠጠሮቹን ስም በወረቀት መለጠፍ ይቻላል። የሚያስተምር መምህር ሁሉንም በአንድ ቀን ባይደረድር ይመከራል። በሦስት ጠጠር ይጀምር፤ ነጭ ንጉሥ፣ አንድ ነጭ ወታደርና ጥቁር ንጉሥ። ጥያቄው ወታደሩ መጨረሻው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚል ነው። ነጩ ንጉሥ ከወታደሩ ቀድሞ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ከቆመ፣ ወታደሩ በሰሌዳው ጠርዝ ካልሆነ በስተቀር፣ ተራው የማንም ቢሆን ያሸንፋል። ወታደሩ ቸኩሎ ንጉሡን ከቀደመው ግን ተከላካዩ ቦታውን ካወቀ አብዛኛውን ጊዜ አቻ ይወጣል። ልጆቹ ይህን ሳይነገራቸው በራሳቸው እስኪደርሱበት ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል።