ድምፁን ያጠፋ ባልቦላ
በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው በዋጃ የበጋው አቧራ ለአሮጌ ሞተር ብስክሌት ብርቱ ጠላት ነው። በተቀደደ የአየር ማጣሪያ የገባ ብናኝ የባልቦላውን መቀመጫ ይበላል፤ ባልቦላው ጠልቆ ይቀመጥና የፑንተሪያው ክፍተት ይጠባል። ያን ጊዜ ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ማለቱን ሲተው ባለቤቱ ተሻለው ብሎ ይደሰታል። ዳሩ ግን አስጊው ይኸው ጸጥታ ነው። አጥብቆ የማይገጥም የጭስ ማስወጫ ባልቦላ ይቃጠላል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል።

በ1976 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረው ሆንዳ ሲጂ 125 ክፍተቱ በሁለቱም ባልቦላ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ፒስተኑ በእመቃው ምት ጫፍ ላይ ሲደርስና የ«ቲ» ምልክት ሲገጥም ነው። ስሱ መለኪያ ብረት ጥቂት ያዝ እያደረገው ማለፍ አለበት። መቆለፊያው ዳዶ ሲጠብቅ ክፍተቱ ሊዛባ ስለሚችል እንደገና ይለካል፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንኑ ነው።